የአዴ ጋዲሴ ሲንቄ የት እንዳለ ይነገረን

ለከተማው ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

አመልካች፦ ዘርፉ ዱጋሳ፣ ቀራፂ

ጉዳዩ፦ ለእድሳት ተብሎ ከአደባባይ የተነሳው የነሐስ ሐውልት ያለበት ቦታ እንዲገለጽልኝና በሐውልቱ እጅ ያለው የወላጅ እናቴ ሲንቄ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ በሁለት ቅጂ ይዤ ቀርቤ በአንዱ ላይ ማኅተም እንዲመታልኝ የምጠይቀው እርስዎን ስላላመንኩ አይደለም። ከእርስዎ በፊት ያመንኳቸው ሰዎች ስለበዙ ነው። ሐውልቱን ላስነሳው የአደባባዮች ማስዋቢያ ክፍል (ከዚህ በኋላ «ክፍሉ» እያልኩ የምጠራው) ደጋግሜ አመልክቼ «በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ። ሂደቱ ወዴት እንደሚሄድ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ፣ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

1. እኔ አመልካች ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አዳማ ነው። ሥራዬ ነሐስ አቅልጦ የሰው ምስል ማውጣት ነው። ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ፣ የራሴ ማቅለጫ አለኝ። የሠፈሩ ሰው መጀመሪያ ድስት የምጠግን ይመስለው ነበር፤ ዛሬም የተሸነቆረ ድስት ይዘው የሚመጡ አሉ፣ እጠግንላቸዋለሁ። የምቀርጻቸው ግን በየገጠሩ ያየኋቸውን ሰዎች ነው፤ ከብት የሚያጠጣ ጎልማሳ፣ እጁን ለምርቃት የዘረጋ ሽማግሌ፣ ቅቤ የምትንጥ ሴት። ባህል ማለት ለእኔ የሚለበሰውና የሚበላው ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲቆምና ሲቀመጥ፣ የያዘውን ሲይዝ የሚታይ ነው።

2. ክፍሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመናኸሪያው መታጠፊያ ላለው አደባባይ «ባህላችንን የሚያሳይ» ሐውልት እንድሠራ አዘዘኝ። ሲንቄ የያዘች እናት ሠራሁ። ቁመቷ ከሰው ትንሽ ከፍ ይላል፤ የቆዳ ልብስ ለብሳ፣ በግራ እጇ ሣር፣ በቀኝ እጇ ሲንቄ ይዛ የቆመች ናት። ፊቷ የእናቴ የአዴ ጋዲሴ ፊት ነው። እናቴ ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ትኖራለች፤ በሕይወት አለች፤ ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ከወዲሁ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

3. ሲንቄ ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይመስላል። ሆኖም የክፍሉ ባለሙያ አቶ ሙሉብርሃን «ዱላው» እያሉ ሲጠሩት በጆሮዬ ስለሰማሁ ማለፍ አልቻልኩም። ሲንቄ ዱላ አይደለም። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሀሮሬሳ ከሚባል ዛፍ የተቆረጠ ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሰው አይመታበትም፣ ከብት አይነዳበትም። ባል ቢበድላት ወይም ጎረቤት ቢያዋርዳት ይዛው ትወጣለች፤ ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። የተጣሉ ወንዶች መሐል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከቆሙ ማንም አልፎ እጁን አያነሳም። በእኛ ቤተሰብ ልማድ ባለቤቲቱ ስትሞት ሲንቄዋ ተሰብሮ ከመቃብሯ ላይ ይደረጋል። ከእሷ በፊት አይሰበርም፣ ከእሷም በኋላ ለሌላ አይተርፍም።

4. አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፣ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ነሐስ የሚፈስሰው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ምስሉ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃና በሸክላ ዱቄት ይሸፈንና እሳት ውስጥ ይገባል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ይቀራል፤ የቀለጠው ነሐስ በዚያ ባዶ ቦታ ይገባል። ለሐውልቷ እጅ የሚሆነውን ሲንቄ ግን በሰም አልሠራሁም። አናጢ ዘንድ ሄጄ ለስላሳ እንጨት አስጠርቤ፣ እሱን በሰሙ ፋንታ ልጠቀም አስቤ ነበር። እናቴ ሥራውን ልታይ መጥታ እንጨቱን አንስታ አገላበጠችውና «ይሄ እኮ የመጥረጊያ እጀታ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ሌላ ቀን ተመልሳ መጣች፤ የራሷን ይዛ።

እምቢ አልኳት። እንጨቱ ጭቃው ውስጥ ሆኖ እንደሚነድ፣ አመድ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ነሐሱ ቦታውን እንደሚይዝ ነገርኳት። ነሐሱ አልሞላ ቢል ደግሞ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ አስረዳኋት፤ ሰም ቢሆን እንደገና ይሠራል፣ የነደደ ሲንቄ ግን ከየት ይመጣል? እሷ ግን አስባበት ነበር። «እንጨቱንማ ምስጥ እየበላው ነው። ነሐስ ካረግሽው ማንም አይሰብረውም። ለከተማው አውሼዋለሁ እንጂ አልሰጠሁም። ስሞት፣ በመስበር ፋንታ፣ ሴቶቹ መጥተው ሲንቄዬን ሣር ያስይዙልኝና ይሰናበቱልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የከተማው ይሁን» አለችኝ። የክፍሉ የያኔው ኃላፊ አጠገባችን ቆመው ነበር፤ እጅ ነስተው «እንዳሉት ይሆናል፣ እናቴ» ብለዋታል። እኚህ ሰው አሁን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል።

ነሐሱ በፈሰሰበት ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ጭቃውን ስሰብረው ግን ሲንቄው ከነጉጡ፣ የእናቴ አውራ ጣት በዕድሜ ብዛት ከሠረሠረው ቦታ ጭምር፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሐውልት እጅ ያለው የሲንቄ ምስል አይደለም። ሲንቄው ራሱ ነው። ሌላ የላትም።

5. ሐውልቷ ስትተከል በክሬን ነው የወጣችው። ክሬኑም አንዴ ተንገዳግዶ የባጃጅ ሾፌሮች ተጯጩኸው ነበር። ከተተከለች በኋላ የሚያልፉ ሴቶች ከእግሯ ሥር እርጥብ ሣር ማኖር ጀመሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም። እናቴ ለገበያ ስትመጣ ጎራ ብላ ሲንቄዋን ጨብጣ ትሄድ ነበር። ከዚያ አደባባዩ ሲቆፈር ሐውልቷ «ለእድሳት» ተብላ ተነሳች። ነሐስ እንዴት እንደሚታደስ የሠራኋትን እኔን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ይህን ያኔ እንደ ንቀት ቆጥሬው ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ንቀት ብቻ በሆነ እላለሁ።

6. መንገዱ አልቆ ሐውልቷ ተመለሰች ሲባል ሄጄ አየኋት፤ ቀለሟ ደመቅ ማለቱ ካልሆነ ሌላ ልዩነት አልታየኝም። ጥርጣሬዬ የጀመረው ቆይቶ፣ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በዚያ ሳልፍ ነው። የአደባባዩ ጥበቃ ዘገዬ ጀርባውን ለሐውልቷ እግር ሰጥቶ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። የአዳማን የስድስት ሰዓት ፀሐይ ክቡርነትዎ ያውቁታል። በዚያ ሰዓት ነሐስ የነካ ሰው ጣቱን ይነፋል እንጂ አይተኛም። ቀስቅሼ ብጠይቀው ደስ እያለው «ድሮማ ታቃጥል ነበር እኮ! አሁን ሲያድሷት ቀዝቀዝ አረጓት፣ እግዜር ይስጣቸው» አለኝ። እጄን ጫንኩባት፤ እውነቱን ነው። በጣቴ ባንኳኳት ባዶ ጀሪካን የተመታ ያህል ጮኸች።

እንዴት እንደመጣች ጠየቅኩት። «በጭነት ባጃጅ» አለኝ። ማን አወረዳት? «ሁለት ልጆች ተሸክመው።» ክሬን ያንገዳገደች ሴት በሁለት ሰው ትከሻ ወረደች ማለት ነው። ዘገዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባው የእኔን ፊት ሲያይ ነው። «አንቺ፣ እኔ እኮ ጥበቃ ነኝ፤ ሲያመጡ አያለሁ፣ ሲወስዱ አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነገረኝም» አለኝ። ይህን የጻፍኩት እሱ ላይ ጣት እንዲቀሰር አይደለም፤ በዚህ አገር የአብዬን ወደ እምዬ መላከክ ስለማይጠፋ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

7. ቆማ ያለችው የነሐስ ቀለም የተቀባች የፋይበር ቅጂ ናት። ቅርጿን ከእኔው ሥራ ላይ አንስተውታል፤ በጆሮዋ ሥር የተውኩትን ስንጥቅ እንኳ ሳይቀር ገልብጠውታል። ወደ ክፍሉ ሄጄ ስጠይቅ አቶ ሙሉብርሃን መጀመሪያ «በዘመናዊ መንገድ ስለታደሰች ቀለለች» አሉኝ። ነሐስ በእድሳት የሚቀልልበትን ዘመን እስካሁን አልሰማሁም አልኳቸው። ቀጥለው ወንበር ሰጡኝ፤ ወንበር ሲሰጠኝ ነው የበለጠ የጠረጠርኩት። ዋናዋ ከሌቦች እንድትጠበቅ መጋዘን ገብታለች፣ አደባባይ ላይ ቅጂ ማቆም በሌላውም ዓለም ይሠራበታል አሉኝ።

እውነት ሊሆን ይችላል። በከተማው የጉድጓድ ክዳንና የመብራት ሽቦ የሚነቅል ሌባ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ግን ለጥበቃ ከሆነ ለምን ተደበቀ? ለምን «እድሳት» ተባለ? ለምን እኔ አንኳኩቼ እስካገኘው ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም? ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔም ካላየሁ አላምንም ብዬ መጋዘኑ እንዲከፈትልኝ ጠየቅሁ።

8. የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አቶ ኤባ በሚባሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘንድ ነው። አቶ ኤባ ስልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። ከዚያ ስብሰባ ላይ፣ ከዚያ ለቅሶ ላይ። በለቅሶው ጊዜ «ነፍስ ይማር» ብዬ ተመለስኩ፤ ለማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን አንዱ አክስታቸው አለኝ፣ ሌላው አማታቸው አለኝ። በመጨረሻ አገኘኋቸው። በሩን ከፈት አድርገው «ያውልሽ፣ ከዚያ ጥግ» አሉኝ። ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ባነሮች ኋላ ሸራ የለበሰ ነገር ቆሟል። ልግባ ብል «ኮሚቴ ሳይኖር አይነካም» ብለው በሩን ገጠሙት።

ያንን ሸራ ለአፍታ ነው ያየሁት፤ ግን ሐውልቷን የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ቁመናዋን አውቃለሁ። ሲንቄዋ ከራሷ በላይ ይወጣል። ሸራው ከራስ በላይ ምንም አልነበረውም፤ እንደ ጆንያ አናቱ ክብ ነው። ወይ ያ ነገር የእኔ ሐውልት አይደለም፣ ወይ ደግሞ እጇን ቆርጠውታል። ሁለቱንም ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

9. ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ ወደ ላንጋኖ እንግዳ የሚያመላልስ ጆቴ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አንድ ወሬ ነገረኝ። በሐይቁ ዳር ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ የነሐስ ሴት ቆማ አይቷል፤ በቀኝ እጇ የፀሐይ ጥላ ታስሮባታል፣ ሥሯ ሰዎች ቢራ ይጠጣሉ። የእኔዋ ናት አላለም፤ «አዴ ጋዲሴን ትመስላለች» ነው ያለው። ሄድኩ። በር ላይ ቦታ ያልያዘ አይገባም አሉኝ። ልከፍል ነው ስል ዛሬ ሠርግ አለ አሉኝ። አጥሩን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ሠርግ ቢኖር ዘፈን ይሰማል፣ የሰማሁት ውሃ ብቻ ነው። የማረፊያውን ስም ያልጠቀስኩት በዓይኔ ሳላይ የሰው ስም ላለማጥፋት ነው። እርስዎ ከጠየቁኝ በቃል እነግርዎታለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔም የምጠረጥረው አላጣም፣ አብዝቼዋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አሁን አሁን ቁራሌው በሠፈራችን ሲጮህ ወጥቼ ጆንያውን አስከፍታለሁ። ሱቅ ገብቼ አዲስ የነሐስ ቁልፍ ሳይ ከእናቴ ክንድ ይሆን እላለሁ። ማቅለጫው ውስጥ ሥራ የማስተምራቸው ልጆች ይስቁብኛል። በዚህ ዓይነት መኖር ያሳፍራል፤ ያናድዳልም።

10. ቢሆንም ሐውልቷ የእኔ ብቻ ብትሆን ኖሮ እንደገና እቀርጽ ነበር እንጂ በየቢሮው አልንከራተትም። ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ ስሜ ይጻፍልኝም አላልኩም። ነገሩ እናቴ ናት። ከጥቅምት ወዲህ ታማለች። ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰዷት፣ የምትወደውን አብሏት» ብለዋል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። የምትወደውን ስጠይቃት ምግብ አልጠራችም። «ወደ ናዝሬት ውሰጂኝና ሲንቄዬን ልያዘው» አለችኝ። መንገድ ተቆፍሯል አልኳት። ነዳጅ የለም አልኳት። ብርድ ይመታሻል አልኳት፤ በዚህ ሙቀት! ወስጄ ያን ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ላስጨብጣት አልቻልኩም። እሷ የሰጠችኝን አመድ አድርጌ ያወጣሁ እኔ ነኝና እሷን ማታለል ከሁሉም ይከብደኛል።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ. መጋዘኑ እኔ ባለሁበት ተከፍቶ ሸራው እንዲገለጥ። ኮሚቴ ካስፈለገ ኮሚቴው ይጠራ፤ ስብሰባ ላይ ያለም ካለ እጠብቃለሁ፣ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበትን በረንዳ እንኳ ለምጄዋለሁ።

ለ. ሐውልቷ እዚያ ከሌለች የት እንዳለች፣ በማን ፈቃድ እንደወጣች በግልጽ እንዲነገረኝ። ቀልጣም ከሆነ ቀለጠች ይባልልኝ። ሐዘኔን ቁጭ ብዬ ላውጣው።

ሐ. ሐውልቷ ለጥበቃ ተብላ መጋዘን መቆየት ካለባት ትቆይ። ሲንቄው ግን ለእናቴ ይመለስ። እጇ ላይ የበየድኩት እኔ ነኝ፣ ራሴ ፈትቼ አወጣዋለሁ። ተቆርጦም ከሆነ እንደተቆረጠ ይሰጠኝ።

መ. እስከዚያው ሴቶች ሣር የሚያኖሩት ለቅጂ መሆኑን የሚገልጽ ነገር ይለጠፍ፤ ሰው የሚሰናበተውን ማወቅ አለበት።

በመጨረሻም፣ ጊዜው ለምን እንደቸኮለብኝ ላሳውቅ። ባለፈው እሑድ ሰበብ አለቀብኝና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። ትራሷን ከፍ ሳደርግላት «ቢሮው የነገ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍት ነው አልኳት። ጎረቤቷን ቶይባን አስጠራች። ቶይባ ወጥታ ለቡዜ ነገረች፣ ቡዜ ለገበያተኞቹ ነገረች፤ ማክሰኞ ጠዋት ስመለስ ወለንጪቲ መናኸሪያ ላይ የማላውቃት ሴት «ሰኞ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሴቶቹ በሰላም ነው የሚመጡት፤ ድንጋይ የሚያነሳ፣ አፉን የሚያበላሽ የለም። ከክፍሉ በር ላይ ቆመው በደሉ እስኪታረም ድረስ አይመለሱም፤ ልማዱ ይህ ነው፣ እኔ ልከለክላቸው አልችልም፣ ልከለክላቸውም አልሻም። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት እንዳይመስልብኝ፤ ሳይነገረኝ መጡብኝ እንዳይሉ ነው።

እናቴን በሚኒባስ ኋላ ወንበር አስተኝተን እናመጣታለን። እንደማትመለስም የምታውቅ ይመስለኛል፤ ነጠላዋን አሳጥባለች። የሚመጡት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይቆማሉ። ከመካከላቸው ባዶ እጇን የምትሆነው እሷ ብቻ ናት። «አዴ፣ ያንቺስ?» ብለው ሲጠይቋት አጠገቧ ቆሜ የምመልሰው እንዳላጣ፣ ከሰኞ በፊት ያ መጋዘን ይከፈትልኝ።

ላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ዘርፉ ዱጋሳ
(ፊርማ)
አዳማ